ስፒከሩን አትቀይሪ

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እኔ ቶሎ የምጸየፍ ሰው ነኝ። ብርጭቆ ላይ የሰው ከንፈር ምልክት ካየሁ ጥሜን እረሳለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጠ ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ያቅለሸልሸኛል። ወልድያ ፋርማሲ ውስጥ እየሠራሁ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ሳልና የሰው ቁስል እያየሁ እንዴት እንደምኖር ጓደኞቼን ይገርማቸዋል። እኔንም ይገርመኛል። የጆሮ ማዳመጫ እንኳ አልጠቀምም፤ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚወጣ ነገር ገና ሳስበው ያንገሸግሸኛል።

ይህን ጠባይ የወረስኩት ከአባቴ ነው። አባቴ አቶ ፈንታው የሕንፃ ዕቃ ነጋዴ ነው። የሲሚንቶ አቧራ ለብሶ ይውልና ቤት ሲገባ ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ እንጀራ አይነካም። እሱ ግን ከቆሻሻ ይልቅ የሚጸየፈው ሰው ነው። ይህን ያወቅኩት ከሁለት ዓመት በፊት፣ አበባው ቤታችን የመጣ ቀን ነው።

አበባው ያኔ ወልድያ በሰው ሱቅ ተቀጥሮ ኮምፒዩተርና ቴፕ ይጠግን ነበር። የክፍሌ ኮምፒዩተር ስፒከሮች ጠዋት ማታ «እምምም» እያሉ ስላስቸገሩኝ አባቴ አስጠራልኝ። መጣ፣ ሰላም አለ፣ ቁጭ ብሎ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠጋና ዓይኑን ጨፈነ። በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ከጆሮው ዝቅ ብሎ፣ አንገቱ ላይ፣ የቃጠሎ የምትመስል ትንሽ ጠባሳ አለችው። ሰው ሰውን እንኳ እንደዚያ አድርጎ ሲያዳምጥ አይቼ አላውቅም። ዓይኑን ሲገልጥ ፊት ለፊቱ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሁለታችንም ደነገጥን።

«ስፒከሩ ደህና ነው» አለ መሬት መሬት እያየ። «ችግሩ የሶኬቱ ነው። ሶኬቱን አስቀይሪ።»

ሌላ ጠጋኝ ቢሆን አዲስ ስፒከር ግዢ፣ እኔ ነኝ የማመጣልሽ ይል ነበር። ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ አባቴ ለሠራተኛችን «ያንን ወንበር ጥረጊው» አላት። አበባው ገና የግቢውን በር አልከፈተም። በዚያች ደቂቃ አባቴን ተጸየፍኩት፣ አበባውን ወደድኩት። ሁለቱ አብረው ስለመጡብኝ እስካሁን አንዱን ከሌላው መለየት ያቅተኛል።

*

ከዚያ ቀን ወዲህ ተዋውቀን ተዋደድን፤ ዓመት ሳይሞላ ግን አበባው የራሱን ሱቅ ሊከፍት ወደ ተወለደባት መርሳ ተመለሰ። መርሳ ሩቅ አይደለችም፤ ሲሪንቃን አልፈው ትንሽ እንደሄዱ ናት። ለአቶ ፈንታው ልጅ ግን ሩቅ ናት። «የማን ዘመድ ለማየት ነው የምትሄጂው?» ለሚል አባት መልስ የለኝም።

ስልክ ላይ አበባው አፉ ይተሳሰራል። «እንዴት ዋልሽ? ቤተሰብ ደህና?» ካለኝ በኋላ የምሰማው ትንፋሹን ብቻ ነው። ብቻውን ሆኖ ድምፁን ሲቀዳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። መጀመሪያ በቴሌግራም እንላላክ ነበር። ዳታ ሲዘጋ ድምፁን ፍላሽ ላይ ገልብጦ በማሩ ሚኒባስ ይልክልኝ ጀመር። እኔም ለሱ የቀዳሁትን በፋርማሲው ፖስታ አሽጌ በዚያው እመልሳለሁ። ሹፌሩ ማሩ የአስም መድኃኒት የሚያመላልስ ይመስለዋል። አንድ ቀን «እህቴ፣ ያ ልጅ ይህን ሁሉ ወስዶ እንዴት አይሻለውም?» ብሎ ጠይቆኛል። «ሥር የሰደደ ነው» አልኩት።

የድምፅ ደብዳቤዎቻችን የፍቅርና የጥገና ድብልቅ ነበሩ። አንዱ እንዲህ ይላል፦

«ሜላቴ፣ ሶኬቱን በስንት ጊዜሽ ማስቀየርሽ ደስ ብሎኛል። እምምም የሚለው ከጠፋ ሌላ ነገር አትንኪ። ሳውንድ ካርድ ልግዛ ወይ ብለሽኛል፤ ግዴለም ይቅር። ስፒከሩንም አትቀይሪ። ትንንሽ ቢሆኑም ይበቁሻል። የኔ ድምፅ ከዚያ በላይ ምን አለው ብለሽ ነው? ዛሬ አንድ አምፕሊፋየር ስከፍት ውስጡ በረሮ ሞልቶ አገኘሁና አንቺ ትዝ አልሽኝ። እንዳትቀየሚ፤ ብታዪው እንዴት እንደምትጮሂ አስቤ ነው ብቻዬን የሳቅኩት። ሆዴ፣ ስስቅ እንኳ ካላንቺ ስቄ አላውቅም።»

እንግዲህ ይህን «ሆዴ» የሚለውን ቃል አስቡት። በነዚያ ትንንሽ ስፒከሮች ሲመጣ ሰውየው ማሰሮ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ትንፋሹ የለም። ቃሉ ሲያልቅ ድምፁ የሚወርድባት ነገር የለችም። ወልድያ ያለ አንድ የኮምፒዩተር ዕቃ ሻጭ ሦስት ነገር ብቀይር ሰውየው ክፍሌ ውስጥ የተቀመጠ እንደሚመስለኝ ነገረኝ፤ በዩኤስቢ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ፣ ትንሽ አምፕሊፋየር፣ ከነሳጥናቸው ተለቅ ያሉ ሁለት ስፒከሮች።

ሁለት ወር አመነታሁ። አበባው የሚያውቀው ሙያ ነው፤ አያስፈልግም ካለ አያስፈልግም። ደግሞ የወደድኩት እኮ ግዢ ስላላለኝ ነው። ይሁንና ስጠይቀው ስጠይቀው መልሱ እያጠረ፣ እየከረረ መጣ። በመጨረሻ «ሜላት፣ በቃ ከዚህ በላይ አትስሚኝ» አለኝ። ዓይን አፋርነት መሰለኝና ይባስ ወደድኩት። በዚያው ደብዳቤ ግን አንድ ነገር ልቤ ላይ ቀረ። የወደደ ሰው ለምን አትስሚኝ ይላል?

ባለፈው ሰኞ የመጣው ፍላሽ ነገሩን ቆረጠው። «እሁድ ለአባትሽ ሽማግሌ እልካለሁ። ሦስት ሰዎች ለምኜ እሺ ብለውኛል። ላክ ወይም አትላክ በይኝ። እስከ ዓርብ እጠብቃለሁ።» ይህን ዓረፍተ ነገር በማሰሮ ድምፅ መስማት አልፈለግኩም። ሴት ልጅ በሕይወቷ አንዴ የምትሰማው ነገር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሄጄ ሦስቱንም ገዛሁ። ዕቃውን ተሸክሜ ስገባ ሙሽራ የሆንኩ ያህል ልቤ ይመታ ነበር።

*

በምሳ ሰዓት አባቴ ሱቁ ነበር። የክፍሌን በር ቆልፌ ሁሉንም ሰካሁና የሰኞውን ደብዳቤ ከፈትኩ።

እውነቱን ልናገር፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ገነት ነበሩ። አበባው ክፍሌ ገባ። ምራቁን ሲውጥ ተሰማኝ፤ የሌላ ሰው ምራቅ ቢሆን ከክፍሉ እወጣ ነበር፣ የሱን ግን ደጋግሜ ሰማሁት። «ሽማግሌ» ሲል ድምፁ እንደሚንቀጠቀጥ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እንባዬ መጣ።

ከዚያ «ሆዴ» አለ። ወዲያው ከኋላው፣ በጣም ቅርብ፣ ድርቅ ያለ መሬት ላይ ከላይ የሚፈስ ነገር ተሰማ። ረጅም ነው። አያልቅም። ካለቀ በኋላም ከባድ እስትንፋስና የሚያመነዥግ አፍ መጣ። መልሼ ሰማሁት። በሬ ነው። ሰውየው «ሆዴ» እያለኝ በሬ እየሸና ነው!

ቀፈፈኝ። ሽታው በስፒከሩ የሚመጣ ይመስል እጄ ወደ አፍንጫዬ ሄደ። እኔ ያንን ድምፅ ትራሴ ላይ ተኝቼ ነው ስሰማው የኖርኩት። ከዓመት በላይ ከሱ ጋር በሬም ሲያናግረኝ ኖሯል ማለት ነው። የቆዩትን ደብዳቤዎች ከፈትኩ፤ በሁሉም ውስጥ አለ። ዝንቡም አለ። አንዱ ላይ የፋንድያ መዛቂያው አካፋ ጭምር ይሰማል።

ይህ ብቻ ቢሆን ምናልባት ስቄ እተወው ነበር። አንደኛው ደብዳቤ ላይ ግን አበባው ትንፋሽ ሊወስድ ቆም ሲል፣ ከግድግዳ ማዶ፣ የአንዲት ሴት ድምፅ መጣ። ቀጭን፣ አፍንጫዋ የተዘጋ። ሌላ ሴት ናት ብዬ ጆሮዬን ሳስጠጋ ሴትየዋ እኔው ነኝ። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞኝ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የቀዳሁለት ደብዳቤ ነው። «ያቺን አንገትህ ላይ ያለችውን ጠባሳ መቼ ነው የምስማት?» እላለሁ። ከዚያ ወንዶች ሳቁ። አንዱ ወንድ በደንብ ይሰማል፤ «አይ ይቺ ልጅ!» ይላል።

ስፒከሩን አጠፋሁት። «ከዚህ በላይ አትስሚኝ» ያለው አሁን ገባኝ። እኔ ዓይን አፋር ያልኩት ሰው ብርድ ልብሴን ገልጦ ለገበያ ሲያሳየኝ ከርሟል። ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ አፌን ተጉመጠመጥኩ። የታጠብኩት ሁሉ አልጠራልኝም።

*

በማግሥቱ ከፋርማሲው ፈቃድ ወስጄ የማሩ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። «ዛሬ ደግሞ መድኃኒቱን ራስሽ ይዘሽለት?» አለኝ። «አዎ፣ መራራውን ራሴ ነው የማውጠው፣ አንተ ንዳ» አልኩት። ሰውየው ደንግጦ እስከ መርሳ አላናገረኝም።

የመርሳ የገበያ ቀን ነበር። ሱቁን ጠይቄ አገኘሁት። ፊት ለፊቱ ሦስት ገበሬዎች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፤ አጠገቡ ልብስ ሰፊዋ ሉብና የምትባል ሴት ማሽኗን ታንቀሳቅሳለች። አበባው አይታይም። የምለውን መንገድ ላይ ሁሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት።

«ጤና ይስጥልኝ። አበባውን ፈልጌ ነበር» አልኩ።

የሉብና ማሽን ቆመ። ሦስቱም ገበሬዎች ቀና አሉ። ሽበታቸው አገጫቸውን የሞላ፣ ስፒከር ጉልበታቸው ላይ ያቀፉ አንድ አዛውንት ፊታቸው በራ።

«ሱብሃነላህ!» አሉ። «የስፒከሯ ልጅ አይደለሽም እንዴ?»

«እሷ ናት! ወላሂ እሷ ናት!» አለች ሉብና እየተነሣች። «አያ ኡበይደላ፣ ድምፁን አይሰሙትም?»

«ልጄ፣ ጉንፋኑ ለቀቀሽ?» አሉኝ አያ ኡበይደላ። ከልባቸው ነው የጠየቁት። «ከጉንፋኑ ጀምሮ ሐሳብ ላይ ጥለሽን ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ይሄ ልጅ ዝንጅብል ልኮላታል ወይስ ዝም ብሎ ይሰማታል እያልኩ ነው።»

ሰዎች፣ ሰው በቁሙ ሲገፈፍ ምን እንደሚሰማው ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ከላይ እስከ ታች ለብሻለሁ፤ ነጠላዬ እስከ አፌ ነው። ሆኖም በዚያ መንገድ ላይ ከኔ በላይ የተራቆተ ሰው አልነበረም። ከሁሉ የዘገነነኝ ደግሞ ደግነታቸው ነው። ቢሰድቡኝ እሰድባቸው ነበር፤ ስለ ጉንፋኔ የሚጨነቁ አዛውንትን ምን ይሏቸዋል?

አበባው መበየጃውን እንደያዘ ሱቁን ለሁለት ከከፈለው የኮምፔንሳቶ ግድግዳ ጀርባ ብቅ አለ። አየኝና ባለበት ደረቀ።

«ስንት ሰው ሰማኝ?» አልኩት።

«ሜላት፣ ግቢ። ውስጥ እንነጋገር።»

«አልገባም! ውጭ አውጥተኸኝ የለ? ውጭ እንነጋገር። ስንት ሰው?»

«አልቆጠርኩም» አለ በለሆሳስ። ዋሽቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

«ለምን?»

መበየጃውን አስቀመጠ። ስልክ ላይ አፉ የሚታሰረው ሰው፣ ስለ ሥራው ሲጠየቅ ብቻ እንደሚፈታ ያን ቀን አየሁ። «የተጠገነ ስፒከር የሚሞከረው በሚያውቁት ድምፅ ነው» አለ። «ዘፈን ያታልላል፤ በተቀደደ ስፒከርም ያምራል። የሰው ድምፅ ግን አያታልልም። እኔ ከላይ እስከ ታች የማውቀው ያንቺን ድምፅ ነው። የትኛው ቃል ላይ እንደምትስቂ፣ የትኛው ላይ እንደምትተነፍሺ አውቃለሁ። ድምፅሽ እንደማውቀው ከመጣ ስፒከሩ ድኗል ማለት ነው፤ ካልመጣ መልሼ እፈታዋለሁ። የጉንፋኑ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ጉንፋኑ ያንቺ ይሁን የስፒከሩ እሱ ላይ ይለያል።»

«ስለዚህ እኔ መሣሪያ ነኝ?»

«መሣሪያ አይደለሽም! ሰው ቀርቶ ዕቃው ብቻ የሚሰማሽ ነበር የሚመስለኝ። መጀመሪያ ብቻዬን ሆኜ ነበር የምሞክረው። ሥራ ሲበዛ...»

«ሥራ ሲበዛ ወንዶች ሰብስበህ አሰማሃቸው! ስለ አንገትህ ያልኩትን! አበባው፣ ያን እኮ ላንተ እንኳ ፊት ለፊት ለማለት ያፈርኩበት ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቤ ያልኩት ነው። ትናንት ከሰማሁ ጀምሮ አፌን ስታጠብ ነው የዋልኩት። አንተን ሳስብ ያቅለሸልሸኛል፣ ገባህ?»

አያ ኡበይደላ ወደ አበባው አንገት አዩና ቶሎ ዓይናቸውን ሰበሩ። ሌሎቹ ገበሬዎች መሬት መሬት ያያሉ። ሉብና ጨርቋን አፏ ላይ አድርጋለች።

*

የአበባው ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ «ትናንት ሰማሽ?» አለ። «በምን ሰማሽ?»

«በአዲሱ ስፒከር። አትቀይሪ ያልከኝን ቀየርኩት። ለምን እንደከለከልከኝ አሁን ገባኝ።»

«አልገባሽም» አለ። «ያንቺን በስፒከር ከፍቼ እኔ ከኋላ ስቀዳ የወንዶቹ ሳቅ አብሮ መግባቱን አሁን ካንቺ ነው የሰማሁት። አትቀይሪ ያልኩሽ በበሬው ነው። ሰማሽው?»

ያልጠበቅኩት ነው። «ሰማሁት» አልኩ።

«ምን ተሰማሽ?»

ዓይኖቹ ዓይኖቼ ላይ ናቸው፤ እንደዚያ መጀመሪያ ቀን ሁለመናው ጆሮ ሆኗል። ያን ሰው መዋሸት አይቻልም።

«ተጸየፍኩ» አልኩ።

«አውቅ ነበር» አለ። አልጮኸም። ቢጮኽ እችለው ነበር። «ወንበሩ ሲጠረግ በሩ ጋ ነበርኩ ሜላት። ሰምቻለሁ። ያን ቀን አንቺ ምን እንዳሰብሽ ስፒከር ሳዳምጥ የኖርኩ ሰው አይጠፋኝም፤ አዝነሽ ነበር። ቢሆንም የዚያ ቤት ልጅ ነሽ። የምኖረው እዚህ ነው፤ ከዚህ ኮምፔንሳቶ ጀርባ እኔ፣ ከኔ ጀርባ በሬው። ድምፄን ስቀዳ እሱ ሲተኛ ጠብቄ ነው። አንዳንዴ አይተኛም። ትንንሾቹ ስፒከሮች ወፍራም ድምፅ ስለማያወጡ እሱን ይደብቁልኝ ነበር። እኔን ብቻ እንድትሰሚ ፈልጌ ነው። በሬውን እንዳትሰሚ።»

«እና ለምን ታኖረዋለህ? ለምን አትሸጠውም?»

ሉብና ጨርቋን ከአፏ አነሣች። «አይ እህቴ!» አለች። «ለሠርግሽ የሚደልብ ነው እንጂ! መርሳ የሚያውቀውን አንቺ አታውቂም?»

ዞሬ በሬውን በኮምፔንሳቶው ክፍተት አየሁት። ትልቅ፣ ቀይ፣ ቀንዱ አጭር። ዝንብ ዓይኑ ላይ አለ። ሽታው መጣ፤ ያው የፈራሁት ሽታ ነው፣ ከገመትኩትም ይብሳል። በሬውን ጠላሁት። እንደዚያ እየጠላሁት እንባዬ ወረደ። ከዚያ በፊት ራሴን ያን ያህል ተጸይፌ አላውቅም።

አበባው ኮምፒዩተሩ ጋ ሄደ። የደብዳቤዎቼን ማኅደር ከፈተ። «ጥፋቴ ድምፅሽን ለራሴ ብቻ አለመያዜ ነው። የሌላውን አላውቅም፤ ይሄን ግን አውቃለሁ» አለ። ሁሉንም መረጠና ሰረዘ። ከዓመት በላይ ስልክለት የኖርኩት ድምፄ በአንዲት ጠቅታ ጠፋ። ያን እንዲያደርግ ነበር የመጣሁት፤ ሲያደርገው ግን የሆነ ነገር ከደረቴ የተነቀለ መሰለኝ።

ከዚያ አያ ኡበይደላ ጉልበታቸው ላይ ያለውን ስፒከር በእጃቸው መታ መታ አደረጉ። «እንግዲህ ልጄ» አሉ አፍረው፣ «ይሄ የኔ አለቀ ብለኸኛል። ለመንዙማ ነው የምፈልገው፣ ሰውም እየጠበቀኝ ነው። በምን ልትሞክርልኝ ነው?»

አበባው ስፒከሩን ተቀበላቸው፣ ገመዱን ሰካ፣ ወደ መንገዱ አዞረው። ከዚያ እጁ ባዶ አየር ላይ ቀረ። የሚያሰማው ነገር አልነበረውም። ዘፈን ሊከፍት ይችል ነበር፤ አልከፈተም። እንዲሁ ቆሞ ስፒከሩን ያያል፣ እናቱን ያጣ ጥጃ ይመስል።

የሥራ ጠረጴዛው ላይ ገመዱ ከስፒከሩ ጋር የተያያዘ አሮጌ ማይክ አለ። ወንፊቱ በስንት ሰው ትንፋሽ እንደጠቆረ ፈጣሪ ይወቅ። አነሣሁት። አፌ አጠገብ ሳደርሰው የሰው ምራቅ፣ ትንባሆና ዝገት ሸተተኝ። ትንፋሼን ይዤ፣ ይበልጥ አስጠጋሁት።

«እኔ ሜላት ፈንታው ነኝ፣ ከወልድያ» አልኩ። ድምፄ መንገዱን ሞላው። አህያ የሚነዳ ሰውዬ ቆመ። «ጉንፋኔን የምታውቁ ሁሉ ይህንንም እወቁ። የአበባውን ቤት ሳላየው ተጸይፌዋለሁ። በሬውንም ተጸይፌዋለሁ፤ አሁንም እጸየፈዋለሁ። ይህን ማንም ሰርቆ አላሰማብኝም። ራሴ ነኝ የተናገርኩት።»

አበባውን አየሁት። ዓይኑን ጨፍኗል፤ ጆሮው ወደ ስፒከሩ ዘንበል ብሏል።

«አበባው፣ አስጠልተኸኛል። ቶሎ የሚለቀኝም አይመስለኝም። እሁድ ሽማግሌህን ላክ። አባቴ እምቢ ይላቸዋል። እምቢ ሲላቸው ከጓዳ ወጥቼ እሺ የምላቸው እኔ ነኝ።»

አያ ኡበይደላ መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ቀስ ብለው ተነሡና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ከሦስቱ ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነኝ» አሉኝ። «አብሽሪ፣ ስለ ጉንፋኑ ለአባትሽ ትንፍሽ አልልም።» በዚያ ሁሉ መሀል ሳቅ አመለጠኝ፤ ሳቄም በማይኩ ወጣ።

ድምፄ ከመንገዱ ማዶ ካለው ግድግዳ ተመልሶ መጣ። ቀጭን፣ በአፍንጫ የሚወጣ፣ የማያምር ድምፅ ነው። ለካ ሰው ሁሉ የሚሰማኝ እንዲህ ነው። አስጠላኝ። ያልኩትን ግን ብያለሁ። ማይኩን አጥፍቼ ሄድኩና አበባው አጠገብ፣ ጭድ በሞላበት መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሁለታችንም አልተነካካንም፤ ልቤ ግን መርሳ ከገባሁበት ሰዓት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ረጋ።